የአንድ መጋቢ መንገድ መብራት፦ ከልኬት እስከ ርክክብ

ጥቅምት 5

ቦታው አቃቂ ቃሊቲ ነው። መንገዱ 1,070 ሜትር ይረዝማል፤ አስፋልቱ 7 ሜትር ስፋት አለው፣ በሁለት አቅጣጫ ይነዳበታል፣ መሐል አካፋይ የለውም። ግራና ቀኝ 2.5 ሜትር የእግረኛ መንገድ አለ። በሰሜን በኩል የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለተዘረጋ እዚያ የምሰሶ ረድፍ መትከል አይታሰብም። የደቡቡ ጎን ከጥቂት ዛፎች በቀር ነጻ ነው። በመንገዱ ላይ 110 ሜትር የሚሆን ኩርባ፣ ሁለት ዜብራና አንድ የቲ ቅርጽ ያለው መገናኛ አለ። ሲኖትራክ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅና ጋሪ ይጋሩታል፤ ማታ ማታ ከፋብሪካ የሚወጣ ሠራተኛ በእግሩ ይጎርፍበታል።

የመጣው ጥያቄ አጭር ነው፤ በየ40 ሜትሩ 100 ዋት ኤልኢዲ ይተከል ይላል። ዋት ግን የሚናገረው ስለ ቆጣሪው ነው። አሽከርካሪው የሚያየው ከአስፋልቱ ላይ ተንጸባርቆ ወደ ዓይኑ የሚመለሰውን ብርሃን ነው፤ መለኪያውም ካንዴላ በካሬ ሜትር ነው። በመንገድ መብራት ሰው በአብዛኛው የሚታየው ጠቁሮ ነው። አስፋልቱ ይደምቃል፣ ከፊቱ የቆመው ሰው ይጨልማል፣ በሁለቱ ልዩነት ሰውዬው ይለያል። በሁለት ምሰሶዎች መካከል አስፋልቱ ከጨለመ ግን ጥቁር ጃኬት የለበሰ እግረኛ ከጀርባው ካለው መንገድ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። ከምሰሶው ሥር ያለውን ብርሃን እጥፍ ማድረግ ይህን ሰው አያድነውም። እንዲያውም ዓይን ደማቁን ስለሚለምድ ጨለማው ይብሳል። አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ ንድፉ የሚጀምረው ከሚያስፈልገው ድምቀትና ከወጥነቱ ነው፤ ዋቱ መጨረሻ ላይ ይወጣል።

ጥቅምት 7

የመንገዱን ደረጃ መምረጥ። የተጠቀምነው የዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን (ሲአይኢ) በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣውን መመሪያ ቁጥር 115 ነው። አሠራሩ ነጥብ መደመርና ከ6 መቀነስ ነው። ፍጥነት መካከለኛ 0፤ የተሽከርካሪ ብዛት ከፍተኛ 0.5፤ ድብልቅ ተጠቃሚ 1፤ አካፋይ የለም 1፤ የመገናኛ ብዛት መካከለኛ 0፤ ዳር የሚቆም መኪና አለ 0.5፤ የአካባቢው ብርሃን ዝቅተኛ -1፤ የመስመር ቀለምና ምልክት ደካማ 0.5። ድምሩ 2.5 ይሆናል፤ ከ6 ሲቀነስ 3.5። ክፍልፋይ ሲመጣ ወደ ታችኛው ሙሉ ቁጥር ስለሚወረድ ውጤቱ ኤም3 ነው፤ ኤም የመንገዱ የመብራት ደረጃ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ የሚፈለገው ብርሃን ይበዛል።

ኤም3 የሚጠይቀው፦ አማካይ የወለል ድምቀት 1.0 ካንዴላ በካሬ ሜትር፤ ዝቅተኛው ነጥብ ከአማካዩ ቢያንስ 0.40፤ በሌይኑ መሐል መስመር ዝቅተኛው ከከፍተኛው ቢያንስ 0.60፤ ዓይን ማጥበርበር ከ15 በመቶ ያልበለጠ።

0.60 የምትለዋ ቁጥር ብዙ ጊዜ ትረሳለች። እሷ ካልተሟላች መንገዱ ላይ ደማቅና ጨለማ ቁራጮች ይፈራረቃሉ፤ የሚነዳ ሰው ዓይን በየሁለት ሰከንዱ እየተቀያየረ ይደክማል።

ለኋለኛው ሌሊት ያው ስሌት ተደገመ። የተሽከርካሪው ብዛት ወደ -0.5 ይወርዳል፣ ዳር የሚቆመው መኪናም ይሄዳል፤ በዚያ ከሄድን ኤም5 ይወጣል። ነገር ግን መንገዱ ጭር ሲል ፍጥነት ይጨምራል። ለፍጥነት 0.5 ሲደመር ውጤቱ ኤም4 ይሆናል፣ ማለትም 0.75 ካንዴላ። የተወሰነውም ይኸው ነው።

ጥቅምት 11

ቁመትና ርቀት። ምሰሶ በአንድ ወገን ብቻ ሲተከል የምሰሶው ቁመት ከአስፋልቱ ስፋት ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ማዶው ይጨልማል። ለ7 ሜትር አስፋልት 8 ሜትር ይበቃ ነበር። 9 የተመረጠው ርቀቱን ለማስፋትና የሲኖትራክ ተገልባጭ ሳጥን ከፍ ብሎ ሲሄድ ክንዱን እንዳይመታ ነው። ርቀቱ ከቁመቱ ከ3 እስከ 4 እጥፍ ድረስ ይሄዳል፤ 30 ሜትር ወሰድን፣ 3.3 እጥፍ ማለት ነው። የተጠየቀው 40 ሜትር 4.4 እጥፍ ይሆናል፤ በምንም ዓይነት ፊክስቸር (ምሰሶው ላይ የሚሰቀለው መብራት) ወጥነቱን መያዝ ያስቸግራል።

ምሰሶው ከከርብ ስቶኑ 1 ሜትር ገባ ይላል፤ ክንዱ 1.5 ሜትር ነው። ፊክስቸሩ አስፋልቱ ላይ 0.5 ሜትር ይገባል።

ለተለመደ አስፋልት 1 ካንዴላ ለማግኘት 15 ሉክስ ገደማ ያስፈልጋል፤ ሉክስ መሬቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው፣ ሉመን ደግሞ ፊክስቸሩ የሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን። ከዚያ የእጅ ስሌቱ ቀላል ነው፦

ሉመን = ሉክስ × ርቀት × ስፋት ÷ (አስፋልቱ ላይ የሚያርፈው ድርሻ × የጥገና መጠን)

15 × 30 × 7 = 3,150። አስፋልቱ ላይ የሚያርፈው ድርሻ 0.45፤ የጥገና መጠኑ 0.80፤ ብዜታቸው 0.36። ውጤቱ 8,750 ሉመን ነው። በዋት 140 ሉመን የሚሰጥ ፊክስቸር 65 ዋት ላይ 9,100 ሉመን ይሰጣል፤ ይበቃል። ከ100 ዋት ወደ 65 የወረድነው በቁጠባ ብቻ ሳይሆን ርቀቱን በማጥበብ ነው።

0.80 ከየት መጣ? ቺፑ በዕድሜው መጨረሻ የሚሰጠው ብርሃን 0.90፣ መስታወቱ ላይ የሚቀመጠው አቧራ 0.89፤ ሲባዙ 0.80። ይህን ቁጥር 1 አድርጎ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት ያምራል፣ በሦስተኛው ዓመት ደረጃውን ያጣል።

ጥቅምት 14

በኮምፒውተር ስሌት። የነጥቦቹ አደረጃጀት የታወቀ ነው፤ በሁለት ምሰሶዎች መካከል በርዝመት 10 ነጥብ፣ በእያንዳንዱ ሌይን ስፋት 3 ነጥብ። ተመልካቹ ከመጀመሪያው ነጥብ 60 ሜትር ኋላ፣ ዓይኑ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሌይኑ መሐል ይቀመጣል። ለሁለቱም ሌይን ይሰላል፤ የባሰው ውጤት ይያዛል።

የመጀመሪያው የሌንስ ዓይነት ብርሃኑን በጣም ወደ ፊት የሚገፋ ነበር፤ ለ10 ሜትር አስፋልት የተሠራ ነው። የድምቀቱ አማካይ ደረሰ፣ ወጥነቱ ግን 0.34 ላይ ቀረ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፊክስቸሩን 15 ዲግሪ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ማዶው እንዲበራ ብሎ። ሲነሣ ብርሃኑ በቀጥታ ወደ አሽከርካሪው ዓይንና ወደ ፊት ለፊት ቤቶች መስኮት ይሄዳል፤ ማጥበርበሩ ከ15 በመቶ ያልፋል። ሌንሱን ወደ ጎን ረዥም፣ ወደ ፊት አጭር በሚበትን ቀየርነው፤ ዘንበሉ 0 ዲግሪ። ወጥነት 0.45፣ በርዝመት 0.66፣ ማጥበርበር 11 በመቶ ሆነ። ዋቱ አልተነካም።

ኩርባው። ምሰሶ ከኩርባው ውጫዊ ጎን ሲተከል መብራቶቹ ከሩቅ የመንገዱን ዙረት ይከተላሉ፤ አሽከርካሪው መንገዱ ወዴት እንደሚታጠፍ ቀድሞ ያያል። ከውስጥ ከተተከሉ ግን ረድፉ ያሳስታል። የእኛ ውጫዊ ጎን ደቡብ ስለሆነ ጎን መቀየር አላስፈለገም። ርቀቱ በኩርባው ላይ ወደ 22 ሜትር ወረደ። በጠቅላላው 32 የ30 ሜትር ክፍተትና 5 የ22 ሜትር ክፍተት፤ 38 ምሰሶ።

የቲ መገናኛው። መኪናና መኪና የሚገናኝበት ቦታ ከዋናው መንገድ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት አለበት፤ እዚያ የተያዘው 20 ሉክስ ነው። ከጎን መንገዱ አፍ ትክክለኛ ማዶ አንድ ምሰሶ እንዲያርፍ የምሰሶዎቹ ቁጥር ከዚያ ነጥብ ተጀምሮ ወደ ሁለቱም ጫፍ ተቆጠረ። ከጎን የሚመጣው አሽከርካሪ መንገዱ እዚያ እንደሚያልቅ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ጥቅምት 19

ዜብራ። የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው ብንል አላጋነንም።

የተለመደው አሠራር አንድ ምሰሶ ዜብራው አናት ላይ ማቆም ነው። ነጩ ቀለም ያበራል፣ ከሩቅ ያምራል። ሰው ሲቆምበት ግን የሚበራው አናቱና ትከሻው ነው፤ ወደ መኪናው የዞረው ፊቱ፣ ደረቱና እግሩ ጥላ ውስጥ ይቀራል። ከኋላው ያለው አስፋልት ግማሽ ደማቅ ግማሽ ጨለማ ስለሆነ ጠቁሮም አይታይ፣ ደምቆም አይታይ።

መፍትሔው መብራቱን ከዜብራው በፊት፣ መኪናው በሚመጣበት በኩል ማድረግ ነው። በቀኝ ስለምንነዳ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ በራሱ ቀኝ አንድ ምሰሶ ይተከላል፤ ሁለቱ ምሰሶዎች በሰያፍ ይተያያሉ። ቁመቱ 6 ሜትር ከሆነ ከዜብራው ከ3 እስከ 5 ሜትር ቀድሞ ይቆማል፤ 4 ሜትር ወሰድን። የሌንሱ ዓይነት ለማቋረጫ የተሠራ፣ ብርሃኑን ወደ ቀኝ የሚጥል መሆን አለበት። ግራና ቀኙን ካምታቱት አሽከርካሪውን ያሳውራል፤ ስለዚህ ሲገዛ መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር እንደሚሠራ ተጽፎ ይታዘዛል። ግቡ ከዜብራው በላይ 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ወደ መኪናው ፊት ለፊት በቆመ ገጽ 20 ሉክስ ነው። ለዚህ አንድ ባለ 60 ዋት ፊክስቸር ይበቃል።

በሰሜን በኩል ሁለት ምሰሶ ከ15 ኪሎ ቮልቱ ሥር ማረፉ ስለማይቀር ያለው ክፍተት ከመስመሩ ባለቤት ጋር በቦታው ተለክቶ በጽሑፍ ተፈቀደ። 6 ሜትር ያደረግነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያለ ፈቃዱ ጉድጓድ እንኳ አይቆፈርም።

ጥቅምት 25

ኤሌክትሪኩ። ፓነሉ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ወደ እያንዳንዱ ጫፍ 535 ሜትር ያህል ገመድ። ምሰሶዎቹ ሦስቱን ፌዝ (ኃይል ተሸካሚ መስመር) በየተራ ይይዛሉ፣ አንድ ፌዝ ቢጠፋ ከሦስት አንዱ ብቻ እንዲጨልም። በአንድ ቅርንጫፍ በአንድ ፌዝ ላይ 7 ፊክስቸር፣ 455 ዋት፣ 2.2 አምፔር ገደማ።

በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ የቮልቴጅ መውረዱ ጫፍ ላይ 1 ቮልት ያህል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስሌቱን ዘግቶ ወደ 4 ካሬ ይወርዳል። ኤልኢዲ ትንሽ ስለሚስብ የቮልቴጁ ነገር አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው ጫፍ ላይ አንድ ሽቦ የምሰሶውን ብረት ቢነካ ብሬከሩ ይቆርጣል ወይ የሚለው ነው። 10 ካሬ መዳብ በኪሎ ሜትር 1.83 ኦም ነው፤ ሄዶ በመሬት ሽቦው ሲመለስ 1.96፣ ገመዱ ሲሞቅ 2.35፣ የትራንስፎርመሩ በኩል 0.2 ቢጨመር 2.55 ኦም። 220 ሲካፈል 86 አምፔር። ሲ10 (ባለ 10 አምፔር) ብሬከር በቅጽበት ለመቁረጥ 100 አምፔር ይፈልጋል። ስለዚህ ይዘገያል፤ እስከዚያ ምሰሶው ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆማል፣ ልጅ ይደገፈዋል።

16 ካሬ ብንወስድ 131 አምፔር ይመጣል፣ ይበቃልም፤ ግን ዋጋው ይከብዳል። የተወሰነው፦ 5×10 ካሬ ገመድ፤ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ባለ 4 ፖል፣ ባለ 300 ሚሊ አምፔር፣ የሚዘገይ ዓይነት አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጥ መሣሪያ)፤ በእያንዳንዱ ምሰሶ በር ውስጥ ባለ 6 አምፔር ፊውዝ። ፊውዙን ካለፈ በኋላ ለሚፈጠር ብልሽት 86 አምፔር ከበቂ በላይ ስለሆነ ፊውዙ ቀድሞ ይቃጠላል፣ የሚጨልመው ያ ምሰሶ ብቻ ነው። ዋናው ገመድ ሲነካ ደግሞ አርሲዲው ይቆርጣል። 30 ሚሊ አምፔር እዚህ አይሆንም፤ የድራይቨሮቹ (ለኤልኢዲው ኃይል የሚመጥኑት ክፍሎች) መደበኛ ፍሳሽ ተደምሮ ያለ ምክንያት ያስቆርጠዋል።

የመሬት ዘንግ በየሦስተኛው ምሰሶና በሁለቱም ጫፍ። ቦታው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብዙ ድራይቨር የሚመረተው እስከ 2,000 ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ኢንሱሌሽኑም ይቀንሳል። ስለዚህ የአምራቹ ወረቀት ላይ የከፍታው ቁጥር ተፈልጎ ተነበበ። ለክረምቱ መብረቅ በእያንዳንዱ ፊክስቸር 10 ኪሎ ቮልት፣ 10 ኪሎ አምፔር መከላከያ፣ ፓነሉ ላይም አንድ ይገባል።

ከዋናው ጋር 2×2.5 የመቆጣጠሪያ ገመድ አብሮ ይቀበራል። ምክንያቱ ታኅሣሥ ላይ ይታያል።

ኅዳር 4

ቁፋሮ። አፈሩ መረሬ ነው። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተተከለ ምሰሶ በሁለት ክረምት ይዘማል። ስለዚህ ጉድጓዱ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ 1.8 ሜትር ጥልቀት ተቆፈረ። ከሥር 30 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ ተጠቅጥቆ ተሞላ፤ በላዩ 0.7 × 0.7 × 1.5 ሜትር የሲ25 ኮንክሪት። ለአንዱ 0.735 ሜትር ኩብ ነው። ካሳፎርማው ከተነቀለ በኋላ ዙሪያው በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በገረጋንቲ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። የተቆፈረውን መረሬ መልሶ መሙላት ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ መኪና እየጫነ ሲያወጣው ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።

ብሎኖቹ አራት ባለ 24 ሚሊ ሜትር፣ 1 ሜትር ርዝመት፣ ከመሐል እስከ መሐል 30 ሴንቲ ሜትር። ኮንክሪት ሲፈስ በብረት ሳህን ካልተያዙ በቫይብሬተሩ ይንሸራተታሉ። ጥርሳቸው ግሪስ ተቀብቶ በፕላስቲክ ይታሰራል። ሁለት የ75 ሚሊ ሜትር ቧንቧ፣ አንዱ ለመግቢያ አንዱ ለመውጫ፣ ከሙሊቱ በፊት ይቀመጣል።

የገመዱ ቦይ 70 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፤ 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ከሥር፣ 10 ከላይ፣ ከዚያ ቀዩ ማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ። አስፋልት በሚሻገርበት 1 ሜትር ጥልቀት፣ በ110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ፣ ከአንድ ባዶ መለዋወጫ ቧንቧ ጋር።

ኅዳር 24

ተከላ። ምሰሶው በክሬን ተነሥቶ ከፍላንጁ (የምሰሶው እግር ሳህን) ሥር ባሉት ዳዶዎች ላይ ይቀመጣል፤ ቱንቢው ከሁለት ጎን ይታያል፣ በታችኛው ዳዶ ይስተካከላል፣ የላይኛው ይጠብቃል። ከፍላንጁ ሥር ያለው ክፍተት በሙርታ ሲሞላ አንድ የውሃ መውጫ ይተውለታል፤ ውሃ ከተያዘ ምሰሶውን ከውስጥ ይበላዋል።

ክንዱ ለመንገዱ ቀጥ ያለ፣ ፊክስቸሩ በውሃ ልክ 0 ዲግሪ። ኩርባው ላይ ቀጥ የሚባለው ለዚያች ነጥብ ዙረት ነው። የምሰሶው በር ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ከመኪናው መምጫ በተቃራኒ ይዞራል፤ የሚጠግነው ሰው የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ እንዲሠራ።

ታኅሣሥ 2

የሌሊት ልኬት። የሱቆቹ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ አስፋልቱ ደረቅ ሆኖ፣ ፊክስቸሮቹ ከሰዓት በላይ በርተው። በ30 ሜትር ክፍተት የመጀመሪያው ነጥብ ከምሰሶው 1.5 ሜትር፣ ከዚያ በየ3 ሜትሩ፤ በስፋት ከዳር 0.58 ሜትር፣ ከዚያ በየ1.17 ሜትሩ። 60 ነጥብ በኖራ ምልክት ተደረገ። ሉክስ ሜትሩ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ የሚያነበው ሰው ጎንበስ ሲል ጥላው እንዳያርፍበት የተነጠለ ዳሳሽ ያለው ይመረጣል።

መደበኛው ክፍተት፦ አማካይ 19.1 ሉክስ፣ ዝቅተኛ 8.4፤ ወጥነት 0.44። አዲስ ስለሆነ 19.1 መሆኑ ትክክል ነው፣ በ0.80 ሲባዛ 15.3 ይሰጣል። አንድ ክፍተት ላይ ዝቅተኛው 5.7 ወረደ፤ የግራቪሊያ ቅርንጫፍ ከፊክስቸሩ ሥር ተዘርግቷል። እስከ 6 ሜትር ከፍታ ያለው ቅርንጫፍ ሲመለመል 8.1 ሆነ። ዛፉ ይቆያል፤ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ መመልመሉ ግን በጥገናው ዝርዝር ገባ። በዜብራዎቹ ላይ በ1.5 ሜትር ከፍታ፣ ዳሳሹ ወደ መኪናው ዞሮ፣ ከ22 እስከ 26 ሉክስ ተነበበ።

በስልክ ካሜራ የተነሣ ፎቶ ለርክክብ አይቀርብም፤ ካሜራው ጨለማውን ራሱ ያበራዋል።

ታኅሣሥ 9

ማደብዘዣ። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ዋናዎቹ ወደ 75 በመቶ ይወርዳሉ። ዜብራዎቹና መገናኛው ሌሊቱን ሙሉ አይነኩም። ድራይቨሮቹ የራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ በየሌሊቱ የበሩበትንና የጠፉበትን አይተው እኩለ ሌሊትን ይገምታሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ግን ይህ ግምት ይዛባል፣ አንዱ ምሰሶ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይደበዝዛል። ስለዚህ ትእዛዙ ከፓነሉ ሰዓት በመቆጣጠሪያው ገመድ ይሄዳል። ሰዓቱ የፀሐይ መግቢያና መውጫን ከቦታው ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚያሰላ፣ ባትሪ ያለው ዓይነት ነው። ፎቶሴል (ሲጨልም የሚያበራ ዳሳሽ) በተጠባባቂነት ብቻ ቀርቷል፤ አቧራ ሲሸፍነው ቀን ያበራልና።

ጠቅላላው ጭነት 2.71 ኪሎ ዋት ነው። 150 ዋት ሶዲየም ቢሆን ኖሮ ዋናዎቹ ብቻ ከነባላስታቸው ከ6 ኪሎ ዋት በላይ ይስቡ ነበር።

የርክክብ ሰነዱ፦ የ60 ነጥቦቹ ንባብ፣ የእያንዳንዱ ምሰሶ ፌዝና ቁጥር፣ የገመዱ መስመር ከከርብ ስቶኑ ያለው ርቀት፣ የአርሲዲ ሙከራ ውጤት። መለዋወጫ፦ 2 ፊክስቸር፣ 5 ድራይቨር፣ 10 የመብረቅ መከላከያ፣ 20 ፊውዝ። መከላከያው ሲሞት ፊክስቸሩን ቆርጦ የሚያጠፋ ዓይነት ስለሆነ፣ የጠፋ መብራት ሲታይ ድራይቨሩ ከመቀየሩ በፊት እሱ ይፈተሻል። የመስታወቱ ማጽጃ በየ3 ዓመቱ ነበር የታሰበው፤ በአካባቢው ያለው የድንጋይ ጫኝ መኪና አቧራ ስለሚያበዛ በየ2 ዓመቱ ተብሎ ተጽፏል። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ፣ መስከረም ላይ፣ የ42ቱም ምሰሶ ቱንቢና የብሎን ጥብቀት ይታያል፤ ከ1 ዲግሪ በላይ የዘመመ ካለ በታችኛው ዳዶ ይመለሳል፣ ዙሪያው ውሃ የሚቋጥር ከሆነም መውረጃ ይከፈትለታል።